ቱሉ ጉዶ ደሴት በአውቶቡስና በጀልባ፦ እናቴን ይዤ እንዴት ልሂድ?

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ያለችውን የቱሉ ጉዶ ማርያም ጽዮንን መሳለም ከተመኘች ቆየች። መኪና የለንም። ከአዲስ አበባ በሕዝብ ትራንስፖርት ሄደን፣ በጀልባ ተሻግረን፣ ደሴቷንም ትንሽ ዞር ዞር ብለን ማየት እንፈልጋለን። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል? ጀልባስ እንዴት ይገኛል? እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሁለታችንም ዋና አንችልም።

መንገደኛው
መንገዱ ቀላል ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ በጠዋት ሂዱ። ሐይቁ ዳር ያለችው ባቱ ከተማ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በሞጆና በመቂ አድርጎ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ከተማዋ ባቱ ብትባልም ረዳቶቹ አሁንም «ዝዋይ! ዝዋይ!» እያሉ ነው የሚጠሩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሐዋሳ መኪና ከሆነ ባቱ ከተማ ውስጥ ይግባ አይግባ ሳትሳፈሩ ጠይቁ። ፈጣን መንገዱን ከያዘ ዳር ላይ አውርዷችሁ ሊሄድ ይችላል። ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ደግሞ ባጃጅ አለላችሁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ
እኔ እዚያው ነው ያደግሁት። እህቴ፣ ዋናው ነገር አውቶቡሱ አይደለም፣ ነፋሱ ነው። ዝዋይ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ ያያችሁት ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋን ያነጥራታል። ቱሉ ጉዶ ደግሞ ከደሴቶቹ ሁሉ ሩቋ ናት፣ በሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። ስለዚህ ባቱ እደሩና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ተገኙ። ከቀትር በፊት መልስ ጀምሩ።

ጀልባ የሚከራየው በሰው ሳይሆን በሙሉ ነው። ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ከተጋራችሁ ይቀላል። ዋጋ ስትነጋገሩ ነዳጁን፣ የሚጠብቃችሁን ሰዓትና መልሱን ጨምራችሁ ተስማሙ። ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ግማሹ መልስ ላይ ይሁን። ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ «አለ» ስላሏችሁ ብቻ አትመኑ። አውጥተው ያሳዩአችሁ፣ ማሰሪያውን እዩት፣ ለእናትሽ ልክ መሆኑን ሞክሪ።

ቸኩሎ አደር
እኛ በአንድ ቀን ደርሰን ተመልሰናል እኮ! ከአዲስ አበባ ሌሊት 10 ሰዓት በኮንትራት ወጥተን ነው። ይቻላል።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ወንድሜ፣ ወጣቶች በኮንትራት ሌላ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ መናኸሪያ ወረፋ ከተጠበቀ ሐይቁ ዳር የሚደረሰው ነፋሱ ሊነሣ ሲል ነው። ጊዜ ካጠረ ቅርብ ያሉትን ደሴቶች፣ ደብረ ሲናን ወይም ገሊላን፣ አይቶ መመለስ ይሻላል።

ደጀ ሰላም
ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ልጨምር። በትውፊት እንደሚነገረው ዮዲት ጉዲት በተነሣች ጊዜ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉት እዚህ ነው። የብራና መጻሕፍቱም ዛሬ ድረስ አሉ። ለማየት ግን ጠባቂው ካህን መኖር አለባቸው፤ ጀልባ የሚያከራያችሁን ሰው ቀድሞ እንዲደውል አድርጉት። አለበለዚያ ቁልፍ ያለው ሰው ገበያ ሄዷል ትባላላችሁ። ኅዳር 21 ንግሥ ስለሆነ ሰው ይበዛል፣ ለእናትሽ ሌላ ቀን ይሻላል።

ከጀልባ ስትወርዱ አቀበት አለ። መቋሚያ ትያዝ፣ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ነጠላ አትርሱ። ምሳና ውኃ ከባቱ ይዛችሁ ግቡ፣ ደሴቷ ላይ ምግብ ቤት አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ነዋሪዎቹ ዛዮች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። በአማርኛም በኦሮምኛም ትግባባላችሁ። እርሻቸው በእርከን የተሠራ ነው፣ መንገድ የሚያሳያችሁ ልጅ ይዛችሁ ዞር ዞር በሉበት። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ።

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ባቱ ማደሩን መርጠናል። እናቴ ግን ጉማሬ አለ ሲሏት ደንግጣለች። ደግሞ እግሯን ውኃው ውስጥ ነከር ማድረግ ትፈልጋለች።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ጉማሬ አለ፣ ጀልባ ነጂዎቹ የሚውልበትን ያውቃሉ፣ ራቅ ብለው ነው የሚያልፉት። «ጠጋ በልልን» ብቻ አትበሉ። እግር መንከሩ ግን ይቅርባት። ሐይቁ ቢልሃርዝያ (ውኃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለበት፣ በተለይ ቄጤማ ያለበት ዳርቻ። ስትወርዱም ጀልባዋን ደረቅ ድንጋይ ላይ ያስጠጉላችሁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ባቱ ወደቡ ላይ ቆዩ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ሆድቃውን ይጠብቃሉ። እናትሽ ትስቃለች።

መንገደኛው
እሑድ ከሰዓት የመልስ መኪና ይጨናነቃል። ከጀልባ እንደወረዳችሁ ቀጥታ መናኸሪያ ግቡ፣ ዓሣውን ጠቅልላችሁ መንገድ ላይ ብሉት።