«ደራሽ»፣ «ሚዜ» ወይስ «ወጌሻ»? የአንድ ፕሮቲን ስም ፍለጋ

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ለሠፈራችን እድር የእርጅና ሕመሞችን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ፣ ሴሎች ጫና ሲበዛባቸው ራሳቸውን ለመከላከል የሚያመርቷቸውን ፕሮቲኖች የሚመለከተው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቃል አጥሮኝ ቆሜአለሁ። «ሂት ሾክ ፕሮቲን» ብዬ በፊደላችን ብጽፈው አንባቢዬ ምንም አያገኝበትም። «የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን» ብዬ ስተረጉመው ደግሞ ረቂቁን ያነበብኩላት እናቴ «እንግዲያው አባትህን ፍል ውሃ እንውሰደዋ» አለችኝ። አባቴ የመርሳት በሽታ ከያዘው አራተኛ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቃል ሰውን ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ነገሩ ከሙቀት ጋር ከተያያዘ «የምች ፕሮቲን» በለው ብለውኛል። የእናንተን ሐሳብ እጠብቃለሁ።

መልስ፣ ከሰበታ፦

የእናትዎ አባባል ትልቅ ቁም ነገር አለበት። ስያሜው የመጣው ፕሮቲኖቹ ከተገኙበት አጋጣሚ እንጂ ከሥራቸው አይደለም። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ፌሩቾ ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሴሎች የነበሩበት ማሞቂያ ሳይታሰብ ሙቀቱ ከፍ በማለቱ፣ በክሮሞሶሞቹ ላይ ከወትሮው የተለዩ እብጠቶችን አይቶ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመው፤ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው የታወቁት ግን በ1974 ነው። ከዚያ ወዲህ የኦክስጅን እጥረትም ሆነ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ያንኑ ምላሽ እንደሚቀሰቅሱ ስለ ተረጋገጠ፣ «ሙቀት» የሚለውን ቃል በስሙ ውስጥ ማቆየት አንባቢን ያሳስታል። «ምች»ም አይሆንም፤ በእኛ ዘንድ ምች መንስኤውም መድኃኒቱም ተለይቶ የሚነገርለት ሕመም ስለ ሆነ፣ ቃሉን ስንወስድ ፀሐዩንና ዳማከሴውን ይዞብን ይመጣል። «ጫና» ማለትዎን ግን እወድድልዎታለሁ። ብዙዎች «ስትሬስ» የሚለውን ቃል «ጭንቀት» ብለው ይተረጉሙታል፤ ጭንቀት የሰው ልብ ነገር ነው፣ ሴል ግን አይጨነቅም።

እኔ «ደራሽ ፕሮቲን» እንድንለው እመክራለሁ። በሰላሙ ጊዜ ኤችኤስኤፍ1 የሚባለው ቀስቃሽ ፕሮቲን በእነዚሁ ተከላካዮች ተይዞ ይቀመጣል። በሴሉ ውስጥ ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖች ሲበዙ ተከላካዮቹ እሱን ለቅቀው ወደ ተጎዱት ይሄዳሉ፤ የተለቀቀው ቀስቃሽም ሦስት ሦስት ሆኖ በመጣመር በዲኤንኤው ላይ ያርፍና ተጨማሪ ተከላካዮች እንዲመረቱ ያደርጋል። ይህ በሠፈር ውስጥ «የሰው ያለህ!» ሲባል ሰው ሥራውን ጥሎ እንደሚወጣው ያለ ነው፤ አማርኛ ለዚህ ያለው ቃል «ደረሰለት» ነው።

መልስ፣ ከሱሉልታ፦

መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። እኛ ሜዳው ላይ የምንኖር ሰዎች ክረምት በገባ ጊዜ «ደራሽ» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ደራሽ ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ ያጠፋል እንጂ አያድንም። ከዚህም በላይ ከእነዚህ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ በችግር ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ይሠራሉ፤ አዲስ የተሠራው ፕሮቲን ትክክለኛ ቅርጹን ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ አብረውት ይቆያሉ፣ ሲጨርስም ይለዩታል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮን ላስኪ በ1978 ለእንዲህ ያለው ፕሮቲን የመረጠው «ሻፐሮን» የሚለው ስም በአገሩ ያላገባች ልጃገረድን ከቤት ስትወጣ የሚያጅቡ ሴት የሚጠሩበት ነው። የእኛው ሚዜ ከዚያ ይበልጣል። ሚዜ ሙሽራውን አልብሶ፣ ደግፎ፣ ከማይገባው ነገር ጠብቆ ከቦታው ካደረሰው በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በትዳሩ ውስጥ ድርሻ የለውም።

መልስ፣ ከሰበታ፦

እኅቴ፣ ሚዜውን ተቀብያለሁ፤ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ ከእሱ የተሻለ ቃል አላገኝም። ነገር ግን ሚዜ የወለቀ አይመልስም። እንደ ኤችኤስፒ70 ያለው (ኤችኤስፒ «ሂት ሾክ ፕሮቲን» የሚለው ሲያጥር ነው፤ 70 የሚለው ቁጥር ክብደቱን በኪሎዳልተን፣ በሞለኪውል መመዘኛ፣ የሚያመለክት ነው) ቅርጹ የተዛባውን ፕሮቲን ይዞ፣ ኤቲፒ የተባለውን የሴል ጉልበት እያቃጠለ፣ እንደ ገና እንዲታጠፍ ዕድል ይሰጠዋል። ይህ የወጌሻ ሥራ ነው። የማይመለሰው ሲያጋጥም ደግሞ እንዲወገድ ያስረክባል።

ሁሉም ካልተሳካ የተበላሹት ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ይህንን ብዙ ሰው «መርጋት» ይለዋል። ደም ረጋ፣ ወተት ረጋ ስለሚባል ስሕተት ባይሆንም፣ «የረጋ ሰው» ምስጉን በሆነበት ቋንቋ «ፕሮቲኑ ረጋ» ብንል አንባቢው መልካም ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ «መጓጎል»ን እመርጣለሁ፤ ገንፎ ያማሰለ ሁሉ ጓል ምን እንደሆነ ያውቃል። በአልዛይመር፣ ማለትም በዋነኛው የመርሳት በሽታ፣ ቤታ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ከነርቭ ሴሎቹ ውጭ፣ ታው የተባለው ደግሞ በውስጣቸው ይጓጉላል፤ በፓርኪንሰን ደግሞ አልፋ ሲኑክሊን። ሌሎች ሴሎች ሲከፋፈሉ ጓሉን ይከፋፈሉታል፤ የነርቭ ሴል ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይከፋፈል የሰበሰበውን ይዞ ዕድሜውን ይኖራል።

መልስ፣ ከቡራዩ፦

በጽሑፉ ውስጥ «ጃጀ» የሚለው ቃል እንዳይገባ እለምናለሁ። ቃሉ ማርጀትንና አእምሮን ማጣትን አንድ አድርጎ ስለሚይዝ፣ «ዕድሜው ነው፣ ተዉት» የሚል ፍርድ በውስጡ አለ። ዕድሜ ለበሽታው ያጋልጣል እንጂ በሽታው ራሱ እርጅና አይደለም፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸው የልጅ ልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ የሚጠሩ አባቶች በየደጃችን አሉ። «የመርሳት በሽታ» የሚለው ግን ሕመምተኛውን አያዋርድም።

ከጠያቂው፣ ከለገጣፎ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ሚዜ ፕሮቲን» ለጠቅላላው፣ «ደራሽ ሚዜ» በጫና ጊዜ ለሚበዙት ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሱሉልታ ያሉት እኅታችን «ሚዜ» ሲታከልበት ጎርፉ እንደሚቀር ይስማሙልኛል ብዬ አምናለሁ። «ወጌሻ»ን ሥራቸውን በሚያስረዳው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ትናንት ማታ ለእናቴ ሳነብላት ስለ ፍል ውሃው አላነሣችም። «ታዲያ በአባትህ ላይ የደከመው ጠሪው ነው ወይስ ደራሹ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

መልስ፣ ከሰበታ፦

ስለ አባትዎ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም። በጠቅላላው ግን ዕድሜ ሲገፋ ጥሪው ይደክማል፤ ኤችኤስኤፍ1 እንደ ወጣትነቱ ዘመን በቶሎ አይነሣም፣ በአንጻሩ የሚጎዱት ፕሮቲኖች ይበዛሉ። በ2003 በወጣ ጥናት፣ ይህንኑ ቀስቃሽ በትርፍ እንዲያመርቱ የተደረጉ ጥቃቅን ትሎች ከእኩዮቻቸው ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረዋል። ይህ በትል ላይ የታየ ነው፤ በመርሳት በሽታ ለተያዘ ሰው ጥሪውን መልሶ የሚያበረታ መድኃኒት ዛሬ የለም፤ ይህንን ለእናትዎ ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸው።