ጆሮውን የያዘው የሸክላ ልጅ፦ ቀልድ ነው ስድብ?

የቀሃዋ፦ ይኼን ፎቶ ማን ነው የለጠፈው? ጥቁር የሸክላ ልጅ ነው። ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ጎን ሰብሮ፣ ምላሱን አውጥቷል። ከሥሩ «ጅሉ ጎረቤታችን፣ ለጥምቀት እንግዳ ማስታወሻ፣ 200 ብር» ይላል። የሳቀው ሰው ብዛት ደግሞ! አንዱማ «የኛን ሰፈር ልጅ ቁርጥ» ብሏል። እንዲህ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ እኔ ቤት አለ። ወንድሜ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ምላሱን ግን አውጥቶ አያውቅም። እሱን ሠሪው ነው የጨመረለት።

የወለቃ ልጅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኧረ አታካብዱ! የሠራችው አክስቴ ናት። ቱሪስት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው? ሴትዮዋ አንድ የሚያስቅ ነገር ሠርታ ሸጠች። ማንን ጎዳ? እኛ ወለቃዎች የሸክላ ሰሎሞንንና ሳባን አንድ አልጋ ላይ አስተኝተን ስንሸጥ የኖርን ሰዎች ነን። ያኔ ማን ተቆጣ?

የቀሃዋ፦ ንጉሥ ሰሎሞን ነገ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ትምህርት ቤት አይሄድም። ወንድሜ ይሄዳል።

ፋሲል እስከ ሞት፦ ሃሃሃ ሰሎሞንን በቀይ ካርድ አስወጣችው!

አራዳው ከፒያሳ፦ እኔ ከወለቃው ልጅ ጋር ነኝ። ጎንደር እኮ የአዝማሪ አገር ነው። አዝማሪ ፊትህ ቆሞ ጥርስህን፣ ቦርጭህን፣ ራሰ በራህን እያነሳ ሙድ ይይዝብሃል። አንተም ስቀህ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። እኛ በቄስ ያልቀለድን፣ በዳኛ ያልቀለድን! አሁን በጭቃ አሻንጉሊት ሳቃችሁ ተብለን ልንከሰስ ነው?

ቴራፒስቷ፦ አዝማሪው የሚነካካው ሰውዬ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ሲከፋው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪው ራሱ ተቀብሎ ይሰደብለታል። ይኼ ልጅ «ተቀበል» የሚልበት ቦታ የት ነው? ደግሞ ጆሮውን የያዘው ጅል ስለሆነ አይደለም። የባጃጅ ክላክስ፣ የሠርግ ቤት ሞንታርቦ፣ እኛ ልብ የማንለው ጩኸት ሁሉ ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ሰዎች ከአቅም በላይ ይሆንባቸዋል። ልጁ ራሱን እየጠበቀ ነው። ብልጥ ነው እንጂ።

የወለቃ ልጅ፦ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ሊያስተምረን መጣ። እኔ የጠየቅኩት አጭር ነው። ማንን ጎዳ? ስም አልተጠራ። የማንም ፎቶ አልተለጠፈ። ጭቃ ነው!

ቴራፒስቷ፦ «የኛን ሰፈር ልጅ ቁርጥ» ያለው ሰውዬ ስም ሳይጠራ አውቆታል እኮ።

የአዘዞው መምህር፦ «ማንን ጎዳ» የኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በፈረንጆቹ 2005 ቨርሞንት ቴዲ ቤር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ለፍቅረኞች ቀን አንድ የድብ አሻንጉሊት አወጣ። ድቡን ያለበሱት የአእምሮ ሕመምተኛ እጁን አጣጥፎ የሚታሰርበትን ልብስ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ልብ፣ አብሮት ደግሞ ሆስፒታል የማስገቢያ ወረቀት። «በፍቅርሽ አበድኩ» ለማለት ነው እንግዲህ። የሕሙማን ቤተሰቦች ጮኹ። ኩባንያው ማንንም ለማስቀየም አላሰብንም አለ፣ ሽያጩን ግን ወዲያው አላቆመም።

አራዳው ከፒያሳ፦ ሸጠ ማለት ነው! በቃ!

የአዘዞው መምህር፦ ሸጠ። የኩባንያው ኃላፊ ግን ከአንድ ሆስፒታል የቦርድ አባልነቷ ለመልቀቅ ተገደደች። የሳቁ ሒሳብ ዞሮ መጣ።

ሸገር ያደገች ጎንደሬ፦ እሱ የድሮ ነው። እንደኛ በ2018 ጥር ላይ፣ ጎንደር ለጥምቀት ጉድ ጉድ ስትል፣ ማቴል የሚባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ሠሪ ኦቲዝም ያለባት ባርቢ አውጥቷል። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ከሚመሩት ድርጅት ጋር ከ18 ወር በላይ ሠርተውበታል። ክርኗና አንጓዋ ይተጣጠፋል፣ እጇን እንድታወዛውዝ። ዓይኗ ትንሽ ወደ ጎን ያያል። ጆሮዋ ላይ ጩኸት የሚቀንስ ማዳመጫ አላት። ጣቷ ላይ የሚሽከረከር መጫወቻ፣ እጇ ላይ ሥዕል እየነኩ የሚያወሩበት ታብሌት። ቀሚሷ ሰፊ ነው፣ ጨርቁ ሰውነቷን እንዳያስጨንቃት። ጫማዋም ተረከዝ የለውም። ከወለቃው ልጅ ጋር አስተያዩት። ያው ዓይን ወደ ጎን፣ ያው ነገር ጆሮ ላይ። አንደኛው ምላስ ጨመረበት፣ ሌላኛው ማዳመጫ ሰጠው።

የወለቃ ልጅ፦ አሁን ያዝኩሽ! ዓይኗን ወደ ጎን ማን ነው ያዞረው? ፈረንጅ ሲሠራው «አካታች»፣ አክስቴ ስትሠራው «ስድብ»? የአክስቴን ጥፋት ብቻ ነው የምታዩት?

የቀሃዋ፦ እነሱ ባለቤቶቹን ጠየቁ። አክስትህ ማንን ጠየቀች?

የወለቃ ልጅ፦ ጭቃ ለማቡካት ፈቃድ የሚጠየቀው የትኛው ቢሮ ነው?

ፋሲል እስከ ሞት፦ ማዘጋጃ ቤት፣ መስኮት ሦስት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ።

ዝምተኛው፦ አንድ ነገር ልበል። የምታወሩት ስለኔ ነው። ኦቲዝም እንዳለብኝ ካወቅኩ ብዙ አልቆየሁም፣ ካደግኩ በኋላ ነው የተነገረኝ። ባርቢዋንም አልወደድኳትም። እኔ ማዳመጫ አላደርግም። የሰው ዓይን እያየሁ አወራለሁ፣ ሲደክመኝ ብቻ እተወዋለሁ። ነገ «ማዳመጫህ የታለ? ታዲያ ምኑን ኦቲዝም ሆንክ?» የሚለኝ ሰው እንደሚመጣ ይታየኛል። ቀልድ ግን እወዳለሁ። በራሴ ስቀልድ ጓደኞቼ ተሸማቀው ዝም ይላሉ። እኔ ስወጣ ነው የሚስቁት።

አራዳው ከፒያሳ፦ አየሽ? ባለቤቱ ራሱ ባርቢን አልወደደም!

ቴራፒስቷ፦ የመጨረሻዋን መስመር ዘለልካት።

አራዳው ከፒያሳ፦ ቀልድ እወዳለሁ ብሏል። እኔ ያነበብኩት እሱን ነው።

ሸገር ያደገች ጎንደሬ፦ ዝምተኛው ያለው እውነት አለው። አንድ አሻንጉሊት ሁሉንም ሰው ሊመስል አይችልም። የኦቲዝም ምልክት የተደረገው የእንቆቅልሽ ቁራጭም እንደዚሁ ነው። በፈረንጆቹ 1963 የእንግሊዞቹ የኦቲዝም ማኅበር ሲጀምረው በቁራጩ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ነበር። ወላጆች ናቸው የመረጡት። ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙዎች አይወዱትም፣ እኛ የጎደልን ቁራጭ ነን እንዴ ብለው። ለማዘን የተሠራውም ለመሳቅ የተሠራውም ያለ እነሱ ነው የተሠራው።

ጠበል ያድናል፦ ልጁን ጠበል ብትወስዱት ይኼ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም ነበር።

የቀሃዋ፦ ወስደነዋል፣ እናመሰግናለን። አሁንም ጆሮውን ይይዛል፤ እዚያም ጩኸት ነበር።

ቴራፒስቷ፦ ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ስትከፍት እንዲህ ያሉ ልጆች ከሰው ዓይን ተደብቀው ቤት ይቆለፍባቸው ነበር። እናት ሆና ነው የተነሳችው። ወላጅ ደፍሮ ልጁን ይዞ መውጣት የጀመረው በስንት ልፋት ነው። ይዞ ሲወጣ መደርደሪያ ላይ ምላሱን ያወጣ ልጅ ይጠብቀው?

የአዘዞው መምህር፦ የወለቃው ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። የወለቃን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እያለ የቀለደው ማን ነው? ይቺው ከተማችን ናት። ቤተ እስራኤሎቹ እንደኛ በ1977 እና በ1983 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ጀበናቸውን እየገዛን ዓይናቸውን እንሸሽ ነበር። ያም ቀልድ ነው ይባል ነበር። ማንን ጎዳ?

የወለቃ ልጅ፦ ይኼን አታንሳ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ! የአያቶቼን ነገር ለክርክርህ ማጣፈጫ አታድርገው።

የአዘዞው መምህር፦ ቁስል መሆኑን ካወቅክ ጥያቄህ ተመለሰልህ።

አራዳው ከፒያሳ፦ መምህር፣ ይኼ ከቀበቶ በታች ነው። ስለ አሻንጉሊት እያወራን ቡዳ ምን አመጣው?

ከባሕር ዳር፦ ጎንደሬዎች አሁንም በጭቃ ትጣላላችሁ? እኛ ጋ ሰው ዓሣ እየበላ ነው።

ፋሲል እስከ ሞት፦ አንተ ደግሞ ዝም በል። በ2013 የሊጉን ዋንጫ ማን ወሰደ?

ከባሕር ዳር፦ መጣ ደግሞ! ስንት ዓመት በአንድ ዋንጫ?

የቀሃዋ፦ ወደ ነገራችሁ ተመለሱ። የወለቃው ልጅ፣ አክስትህ ሥራዋን ትተው አላልኩም። እጇ የተባረከ ነው። ጣቶቹን አየኋቸው፣ ትንሿን ጣት ከጆሮው ጀርባ አጥፋ ነው የሠራቻት። ወንድሜ እንዲያ ነው የሚያደርገው። አንድ ልጅ በደንብ ሳታይ እንዲህ አትሠራም። ምላሱን ታስገባለት፣ «ጅሉ» የሚለውን ታንሳው። እኔው ራሴ እገዛዋለሁ።

የወለቃ ልጅ፦ ምላሱ ከሌለማ ማን ይስቃል? የሚያስቀው እሱ ነው።

ቴራፒስቷ፦ «ጭቃ ነው» ብለህ ነበር እኮ።

የወለቃ ልጅ፦ አሁንም ጭቃ ነው! እሺ፣ ማዳመጫ ታድርግለት። የሸክላ ማዳመጫ ግን እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ አስሩን ሠርታ አራቱ ቢተርፉ ነው። በ500 ብር የሚገዛ አለ? ወይስ እዚህ ጮኾ ሱቅ ሲደርስ መደራደር ነው?

ዝምተኛው፦ እኔ ማዳመጫ አላደርግም ብያለሁ።

አራዳው ከፒያሳ፦ ይኸው! አሁን ደግሞ ማዳመጫውም ስድብ ሆነ። እናንተን ማስደሰት አይቻልም!

ዝምተኛው፦ ስድብ ነው አላልኩም። ማዳመጫ አላደርግም ነው ያልኩት።

የወለቃ ልጅ፦ ለማንኛውም ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው በውስጥ መስመር አድራሻ ጠይቆኛል። ማስታወቂያ ስለሠራችሁልን እናመሰግናለን።

የቀሃዋ፦ የትኛውን ነው የጠየቁህ? ምላስ ያለውን?