6 ግራም ማግኒዚየምና 10 ግራም ኦክሲጅን ለምን 16 ግራም ኦክሳይድ አይሰጡም?

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦
በመልመጃ መጽሐፌ ውስጥ፣ 6 ግራም ማግኒዚየም 10 ግራም ኦክሲጅን በያዘ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ስንት ግራም ማግኒዚየም ኦክሳይድ እንደሚገኝ ተጠይቋል። በኬሚካዊ ለውጥ መጠነ ቁስ እንደማይፈጠርና እንደማይጠፋ ስለተማርን፣ ሁለቱን ደምሬ 16 ግራም አገኘሁ፤ መጽሐፉ ግን 10 ግራም ይላል። የቀረው 6 ግራም የት ገባ?

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር)፦
ከዕቃው የወጣ ነገር የለም። ዕቃው ሳይከፈት ቢመዘን ይዘቱ ከቃጠሎው በፊትም ሆነ በኋላ 16 ግራም ነው። የመጠነ ቁስ ጥበቃ ሕግ የሚናገረው ስለዚህ ድምር ብቻ ነው፤ ከድምሩ ምን ያህሉ ውሁድ እንደሚሆን የሚወስነው ግን የቋሚ ምጥጥን ሕግ ነው። በማግኒዚየም ኦክሳይድ ውስጥ ለአንድ የማግኒዚየም አተም አንድ የኦክሲጅን አተም ይገኛል፤ የአተሞቹ አንጻራዊ ክብደት 24 እና 16 ገደማ በመሆኑም ሁለቱ ሁልጊዜ በ3 ለ 2 ይዋሃዳሉ። ስለዚህ 6 ግራም ማግኒዚየም 4 ግራም ኦክሲጅን ወስዶ 10 ግራም ኦክሳይድ ይሆናል፤ 6 ግራም ኦክሲጅን ደግሞ ጋዝ እንደሆነ ይተርፋል። የተረፈው ከማግኒዚየሙ ጋር እኩል መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ብሆን ኖሮ ተማሪ እንዳይደናገር ኦክሲጅኑን 12 ግራም አደርገው ነበር።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ይኸው ሙከራ ክፍት አየር ላይ በክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ባለ ክዳን ትንሽ ዕቃ) ሲሠራ የሚገኘው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ3 ለ 2 ስሌቱ ያንሳል። አንደኛው ምክንያት አየር እንዲገባ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ነጭ ጢስ ሆኖ የሚያመልጠው ኦክሳይድ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ማግኒዚየም ከአየሩ ናይትሮጅን ጋርም ተዋህዶ ናይትራይድ መሥራቱ ነው፤ በዚህ ውሁድ ውስጥ አንድ ግራም ማግኒዚየም የሚጨምረው 0.38 ግራም ገደማ ሲሆን በኦክሳይድ ግን 0.66 ግራም ገደማ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት የውኃ ጠብታ ጨምሮ እንደገና ማሞቅ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል፤ ሽታውም ይታወቃል።

መልስ (ሌላ ተሳታፊ)፦
መምህሩ «ሁልጊዜ» ያሉት ለማግኒዚየም ኦክሳይድ ያስኬዳል፤ ለውሁዶች ሁሉ ግን አይሠራም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1799 በተፈጥሮ የተገኘውና በላቦራቶሪ የተሠራው የመዳብ ካርቦኔት አንድ ዓይነት ምጥጥን እንዳላቸው ሲያሳይ፣ ሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ቤርቶሌ ምጥጥኑ እንደ ሁኔታው ሊለያይ ይችላል ብሎ ተከራክሮት ነበር። ክርክሩን የረታው ፕሩስት ቢሆንም፣ ዉስታይት በሚባለው የብረት ኦክሳይድ ውስጥ ለ100 የኦክሲጅን አተሞች ብዙውን ጊዜ 95 ገደማ የብረት አተሞች ብቻ ይገኛሉ፤ ቁጥሩም እንደ ሙቀቱና እንደ ኦክሲጅኑ መጠን ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ያሉት ውሁዶች ዛሬ በቤርቶሌ ስም ቤርቶላይድ ይባላሉ።