ፈውስ እየለመንኩ «ፈቃድህ ይሁን» ማለት አቃተኝ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ንግግሩም አልተመለሰም። የማበላውም የማገላብጠውም እኔ ነኝ። ማታ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እጸልያለሁ፤ ስጨርስ ከንፈሩ እየታገለ «አሜን» ይላል። ከአፉ ጥርት ብላ የምትወጣው ቃል እሷ ብቻ ናት።

ጾሜያለሁ፣ ጸሎት አስይዣለሁ። አንዲት እህት «እምነትሽ ቢጠና ኖሮ ይነሣ ነበር» ስትለኝ አንጀቴ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፈ ኢዮብን ደግሜ ያነበብኩት። ኢዮብ 42፥7 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በተሟገተው በኢዮብ ሳይሆን እሱን በወቀሱት ወዳጆቹ ላይ ነው፤ ይህ ትንሽ አሳረፈኝ። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት 3 ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም፤ የተሰጠው «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ነው። እግዚአብሔር እንዳልተወን አምናለሁ።

የተቸገርኩት ጸሎቱ ላይ ነው። «ፈውሰው» ስል ውስጤ ጥያቄውን ዳግም ለመሸከም ይደክመዋል። «ፈቃድህ ይሁን» ስል ደግሞ ባሌ እየሰማኝ ተስፋ የቆረጥኩበት ይመስለኛል፤ ዓይኑን ማየት ያቅተኛል። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ እንደጸለየ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አፌ ላይ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል።

ረጅም ሕመም ያስታመማችሁ፣ በሽተኛው እየሰማችሁ ሁለቱን በምን ቃል አንድ ላይ ጸለያችሁ?