ላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔት እያለ ሆትስፖቱ «ኮኔክሽን የለሽም» ይለኛል፣ ለታብሌት እንዴት ላጋራ?

የጀሞዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ኔትወርክ የሚገባችሁ ሰዎች እስቲ እርዱኝ። እቤት ያለን የድሮ ኤዲኤስኤል ሞደም ነው፣ ዋይፋይ የለውም፣ ገመዱ ከሱ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰካና «ብሮድባንድ ኮኔክሽን» የምትለዋን ኮኔክት ስላት በዩዘርኔምና በፓስወርድ ትገባለች፣ በቃ እንደዛ ነው ስንጠቀም የኖርነው። አሁን እህቴ ከዱባይ ለእማዬ ታብሌት ላከችላት፣ ሲም የማይቀበለውን፣ ዋይፋይ ብቻ። በቦቲም (የቪዲዮ ኮል አፕ ነው) እየተያዩ እንዲያወሩ ነው ሀሳቡ፣ እዛ በዋትስአፕ ቪዲዮ ኮል ስለማይሰራ። እስካሁን በኔ ስልክ ሆትስፖት እየከፈትኩላት ነበር ግን እናትና ልጅ ወሬ ከጀመሩ ፓኬጅ የሚባል ነገር አይበቃም፣ የቤቱ መስመር ደግሞ አንሊሚትድ ሆኖ ማታ ማታ ስራ ፈቶ ይቀመጣል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ሞባይል ሆትስፖት ውስጥ ገብቼ ኦን ላደርገው ስል ይሄ ኮምፒውተር የኢተርኔትም የዋይፋይም የሴሉላርም ኮኔክሽን ስለሌለው አልከፍትም ይላል። ያውም እዛው ጎን ዩቲዩብ እየተጫወተ! ከዛ አንዱ በቪዲዮ በጥቁሩ መስኮት፣ ሲኤምዲ በሚሉት፣ ትዕዛዝ ጽፋችሁ ክፈቱት ሲል አይቼ እሱንም ሞከርኩት፣ ሆስትድ ኔትወርኩ (ላፕቶፑ ራሱ የሚለቀው ዋይፋይ መሆኑ ነው) ሊጀምር አልቻለም ብሎ መለሰኝ። ችግሩ ከላፕቶፑ ነው ወይስ ከመስመሩ? አዲስ ዕቃ ሳልገዛ የሚሆን መንገድ ካለ በጣም ደስ ይለኛል።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
የዋይፋይ ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋ የሚያግባባውን ፕሮግራም) አፕዴት አድርጊና ሪስታርት በይው። ካልሆነ ፎርማት።

ማዘርቦርድ፦
ኧረ ፎርማት አታስደርጋት ወንድሜ፣ ለዚህማ አይባልም።

የጀሞዋ፣ ላፕቶፕሽ ምንም አልሆነም። ሞደምሽ ብሪጅ በሚባለው ሞድ ላይ ነው ያለው፣ ማለትም በስልክ መስመሩ የመጣውን ወደ ኔትወርኩ ገመድ ከማሳለፍ ውጪ ሌላ ስራ የለውም፣ ዩዘርኔምና ፓስወርድ አቅርቦ የሚገባው ላፕቶፑ ራሱ ነው፣ ፒፒፒኦኢ ይሉታል። ስለዚህ ለዊንዶውስ ኢንተርኔቱ ያለው በምትደውያት ብሮድባንድ ኮኔክሽን ላይ ነው፣ የተሰካው ኢተርኔት ለብቻው ሲታይ ባዶ ነው። ሆትስፖቱ ደግሞ ኢንተርኔት ያለበት ኢተርኔት ወይ ዋይፋይ ወይ ሴሉላር ነው የሚፈልገው፣ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የሚደወለውንም ዝርዝሩ ውስጥ ያመጣዋል፣ በሌላው ላይ ግን ልክ እንዳንቺ ጭራሽ የለሽም ብሎ ድርቅ ይላል።

ቪዲዮው ላይ ያየሽው የዊንዶውስ 7 ጊዜ መንገድ ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ያለ፣ አሁንም የሚሰራበት ላፕቶፕ አለ ግን የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር መፍቀድ አለበት። ሲኤምዲ ከፍተሽ «ኔትሽ ደብሊውላን ሾው ድራይቨርስ» ብለሽ ጻፊ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው መቼም)፣ ከሚመጣው ዝርዝር «ሆስትድ ኔትወርክ ሰፖርትድ» የሚለው መስመር ላይ ምን እንዳለ ንገሪኝ። የስ ካለ ቀላል ነው፣ ሆስትድ ኔትወርኩን እናስነሳና ኮንትሮል ፓናል ውስጥ አዳፕተሮቹ የተደረደሩበት ጋ ብሮድባንዷን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ የሚለው ታብ ላይ ራይት አድርገሽ ለዋይፋዩ ታጋሪያለሽ። ኖ ካለ በዛ በኩል አትልፊ፣ ሌላ መንገድ አለ።

የጀሞዋ፦
አመሰግናለሁ። ኖ ነው የሚለው።

አራት_ኪሎ_ማታ፦
ይቅርታ ጥያቄውን ልጥለፍ፣ እኔ ዶርም ውስጥ ነኝ፣ የካምፓሱ ዋይፋይ በሎግኢን ገጽ ነው የሚገባው እና ለአንድ አካውንት አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ላፕቶፑን አስገብቼ እዛው ላፕቶፕ ላይ ሆትስፖት ብከፍት ስልኬ ይጠቀማል? ዋይፋይ እየተቀበለ ዋይፋይ መልሶ መስጠት ይችላል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ማዘርቦርድ፦
መጀመሪያ የጀሞዋን ልጨርስ፣ ወዳንተ እመለሳለሁ።

እሺ ኖ ካለ ካርድሽ አዲስ አይነቱ ነው፣ እነሱ ዋይፋይ ዳይሬክት በሚባለው (ዕቃን ከዕቃ በቀጥታ በሚያገናኘው) ነው የሚሰሩት፣ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ያው እምቢ ያለሽ ሞባይል ሆትስፖት ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን ከመለመን መደወሉን ከላፕቶፑ ወስደን ለሞደሙ እንስጠው። ሞደሙ ራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ይዞ ከገባ ላፕቶፕሽ ገመዱን ሲሰካ ዝግጁ ኢንተርኔት ያለበት ኢተርኔት ያገኛል፣ ሆትስፖቱም ያለ ምንም ክርክር ይከፈታል።

ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ግቢ፣ ብዙ ሞደም እዛ ነው ያለው፣ ካልሆነ ከሆዱ ስር ያለው ስቲከር ላይ ከነመግቢያ ፓስወርዱ ተጽፏል። ገጹ አልከፍት ካለሽ አትደንግጪ፣ ብሪጅ ላይ ያለ ሞደም አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ላያድል ይችላል፣ ኢተርኔቱ ላይ በእጅሽ 192.168.1.5፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርጊና ድገሚው፣ ስትጨርሺ ግን ወደ አውቶማቲክ መልሺው አለበለዚያ ነገ ሌላ ችግር ይዘሽ ትመጫለሽ። ውስጥ ስትገቢ ምንም ነገር ከመንካትሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ይሄን ስል የምሬን ነው። ዋን (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በኩል) የሚለው ጋ ብሪጅ የተባለውን ወደ ፒፒፒኦኢ ቀይረሽ ብሮድባንዷ ላይ የምትጠቀሚበትን ዩዘርኔምና ፓስወርድ አስገቢ፣ ቪፒአይ እና ቪሲአይ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያለሽ እነሱን እንዳትነኪያቸው፣ መስመሩ በነሱ ነው የሚገናኘው። ሴቭ፣ ሪቡት። ከኋላ ያለችውን ትንሿን የሪሴት ቀዳዳ ደግሞ ማንም በስቴኪኒ እንዳይነካት።

አንድ ነገር፣ ሞደሙ ከገባ በኋላ በላፕቶፑ ድጋሚ አትደውይ። አንድ አካውንት ሁለት ቦታ ሊገባ ሲል ብዙ ጊዜ አንዱ ይወድቃል፣ ከዛ ደግሞ መስመሩ ተበላሸ ብለሽ ስልክ ስትደውይ ትውያለሽ።

ጡረተኛው፦
ልጆች ይሄ ነገር አዲስ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ ኢንተርኔት ከአንዱ ኮምፒውተር ለሌላው ማጋራት ዊንዶውስ ውስጥ የገባው በ98 ሁለተኛው እትም ነው፣ በ1999። በ56ኬ ዳያልአፕ ላይ ሁለት ኮምፒውተር ሲጋራ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ዛሬ ስለ ፍጥነት አያማርርም። ከዛ ወዲህ ደግሞ ፖኬት ፒሲ የሚባሉ የእጅ ኮምፒውተሮች ነበሩ፣ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ስትሰካቸው አክቲቭሲንክ በሚባለው ፕሮግራም በኩል የላፕቶፑን ኢንተርኔት ይጠቀሙ ነበር። የዛሬው ታብሌት በዩኤስቢ ለላፕቶፕ ኢንተርኔት መስጠት ይችላል፣ ከላፕቶፕ መቀበል ግን በራሱ አይችልም፣ እንዴት ወደ ኋላ እንደሄድን እኔ አይገባኝም።

ኬብል_ጎታች፦
ጋሼ ልክ ነዎት ግን አንድሮይድ ላይ እሱም ይቻላል፣ ሪቨርስ ቴዘሪንግ ይባላል፣ ግኒርሄቴት የምትባል ነጻ ፕሮግራም አለች፣ ስልኩ ሩት መሆን (ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ መከፈት) አያስፈልገውም፣ ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ትሰራለች፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግ መክፈት ብቻ ነው። ለሶፍትዌር ሰሪ ጥሩ ናት፣ ለእናት ግን አልመክርም፣ በገመድ ታስረው ቪዲዮ ኮል ማን ያወራል።

የጀሞዋ፦
እሺ ውጤት ይዤ መጣሁ። ገጹ እንዳልከው መጀመሪያ አልከፈተም፣ አይፒውን በእጄ ሰጥቼው ተከፈተ። ፎቶ አነሳሁ ቀየርኩ ሪቡት አልኩት፣ ላፕቶፑ ሳይደውል ኢንተርኔት አገኘ፣ ሆትስፖቱም ኦን ሲባል እሺ አለ!! ግን አሁን ታብሌቱ የሆትስፖቱን ስም ጭራሽ አያየውም። የኔ ስልክ ያየዋል ይገባል ይሰራል፣ የእማዬ ታብሌት ላይ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ተደርድሮ የኛ ብቻ የለም።

ማዘርቦርድ፦
ጎሽ! ይሄማ ቀላል ነው። ሆትስፖቱ በ5 ጊጋኸርዝ እየለቀቀ ነው፣ ርካሽ ታብሌቶች ብዙዎቹ 2.4 ብቻ ነው የሚያዩት። እዛው ሞባይል ሆትስፖት ገጽ ላይ ኤዲት በይና ባንድ የሚለውን 2.4 አድርጊው። ስሙንም እዛው ቀይሪው፣ ፓስወርዱንም እናትሽ የሚያስታውሱት አድርጊላቸው ግን ከስምንት ፊደል አያንስም። ደግሞ 2.4 ግድግዳ ላይ ይሻላል፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቤታችሁ ይጠቅምሻል።

የጀሞዋ፦
ገባ!! ገባ!! እማዬ እየመረቀችህ ነው፣ ዘርህ ይባረክ ብላሃለች።

አንድ ነገር ቀረ፣ ላፕቶፑን ክድን ሳደርገው ይቋረጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳልከድነውም ታብሌቱ ካልተነካ ከቆየ ሆትስፖቱ ራሱን ያጠፋል።

ማዘርቦርድ፦
አሜን፣ በርቺ። ለመክደኛው ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ላድርግ የሚለው ጋ «ዱ ናቲንግ» አድርጊው፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን ለሚለው ብቻ፣ ቦርሳ ውስጥ ተከድኖ እንዳይግል። ስሊፑንም ኔቨር በይው። ራሱን የሚያጠፋው ደግሞ ሆትስፖቱ ገጽ ላይ ፓወር ሴቪንግ የሚል አለ፣ ማንም ካልተገናኘ ልጥፋ ይላል፣ አጥፊው። ቪፒኤን የምትጠቀሚ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ ሲበራ ታብሌቱ «ተገናኝቷል ኢንተርኔት የለም» ሊልሽ ይችላል፣ ያኔ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ቪፒኤኑን ነው።

አራት ኪሎ፣ አንተ ደግሞ፦ አዎ ይችላል፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አንዱ ካርድ ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል፣ ድራይቨሩ ከፈቀደ። ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል ምክንያቱም ያው አንድ ሬዲዮ ነው ሁለቱንም የሚያስተናግደው። ለካምፓሱ የሚታየው ላፕቶፕህ ብቻ ነው፣ ስልክህ ከጀርባው 192.168.137 የሚል አይፒ ነው የሚይዘው። ማክ ከሆነ የያዝከው ግን ዋይፋይን ወደ ዋይፋይ አያጋራም፣ ከገመድ ወደ ዋይፋይ ነው።

ኬብል_ጎታች፦
አራት ኪሎ አትሸወድ፣ የሚታየው ላፕቶፑ ብቻ ነው ማለት አይታወቅም ማለት አይደለም። የአንድሮይድ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት) ብዙ ጊዜ 64 በሚል ቲቲኤል፣ ማለትም በየራውተሩ ሲያልፍ አንድ አንድ በሚቀንስ ቁጥር፣ ይነሳል፣ የዊንዶውስ በ128፣ በላፕቶፕህ ሲያልፍ አንድ ይቀነስና 63 ሆኖ ይወጣል፣ የገባው አድሚን እሱን አይቶ ከኋላ ሌላ ዕቃ እንዳለ ያውቃል። እኔ የሰው መስሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ነው የምሰራው፣ በየላፕቶፑ ሆትስፖት ሲከፈት ቢሮው በዋይፋይ ይጨናነቃል፣ አንዱ የከፈተው ቫይረስ ሲለቅ ደግሞ የሚጠየቀው የላፕቶፑ ባለቤት ነው። ሄደህ ጠይቃቸው፣ ሁለተኛ ዕቃ የሚመዘግቡ አሉ።

አራት_ኪሎ_ማታ፦
ጠይቃቸው ትላለህ እንዴ ብሮ፣ ቢሮው ክፍት ሆኖ ሰው ያገኘሁ ቀን እነግርሃለሁ። ለማንኛውም ሰርቷል፣ ፈተና እስኪያልፍ ነው።

ኬብል_ጎታች፦
አይ አንተ።

የጀሞዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ማዘርቦርድ ጥሩ አድርጎ መርቶሻል ግን አሁን ላፕቶፑ ራሱ አያስፈልግሽም። ሞደሙ ራሱ ከገባ በኋላ ማንኛውም ዋይፋይ ያለው አሮጌ ራውተር ብትሰኪበት ይሰራል፣ ላፕቶፑን ስራ ይዘሽው ስትሄጂ እናትሽ ኢንተርኔት አልባ ይቀራሉ እኮ። ሰው ቤት መስመር ሲቀይር የተጣለ ራውተር አይጠፋም፣ ፋይበር ያስገባ ዘመድ ካለሽ ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ነው፣ ላፕቶፕሽ ባትሪ ቢኖረውም ሞደሙ የለውም።

የጀሞዋ፦
አጎቴ ጋ አለ! ፋይበር ሲገባላቸው አሮጌውን ቁም ሳጥን ላይ ነው የወረወሩት። እሱንስ ዝም ብዬ ልሰካው ወይስ እዛም ዩዘርኔም ምናምን አለው?

ኬብል_ጎታች፦
ዩዘርኔም አይፈልግም፣ ያንን ሞደሙ ጨርሶታል። መጀመሪያ የአጎትሽን ራውተር ለብቻው ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ገጹ ውስጥ ግቢና አይፒውን 192.168.1.2 አድርጊው፣ ከሞደሙ ጋ አንድ አይነት አድራሻ ከያዙ ይጣላሉ። ዲኤችሲፒውን (አይፒ የሚያድለውን) አጥፊ፣ ግን አይፒ የሚያድል አንድ ሰው መኖር አለበት፣ እሱ ሞደሙ ይሁን፣ እዛ ገጽ ላይ ዲኤችሲፒው መብራቱን እይ። ዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ስጪው፣ ሆትስፖቱ ላይ የሰጠሽውኑ ብትሰጪው ታብሌቱ ድጋሚ ሳይጠየቅ ይገባል፣ ሆትስፖቱን ግን አጥፊው። ከዛ ከሞደሙ የሚመጣውን ገመድ ራውተሩ ላይ ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰኪው፣ ዋን የሚለው ላይ አይደለም። ላፕቶፕሽም ከቀሩት በአንዱ።