በጾም ወቅት ከፍ ያለ የደም ስኳርና ትራይግሊሰራይድ

ደብረ ማርቆስ የምኖር የ46 ዓመት መምህር ነኝ። በባዶ ሆዴ በተሠራልኝ መደበኛ የደም ምርመራ ስኳሬ 112፣ ትራይግሊሰራይዴ (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) 214 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ሲገኝ፣ የኩላሊትና የጉበት ውጤቶቼ ደህና ናቸው። ባለሙያው «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቅባት ይቀንሱ» ብሎ አሰናበተኝ፤ ይሁን እንጂ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ሥጋም ቅቤም አልቀመስሁም። ከዚያ ወዲህ ጠላና ስኳር ያለው ሻይ ትቼ፣ ማታ ማታ በእግሬ መሄድ ብጀምርም በድጋሚ ምርመራው ስኳሬ 109 ሲሆን ትራይግሊሰራይዴ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑን ጾሜ ውዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ የምበላው ሁለት ሦስት እንጀራ፣ ከድንች ወጥና ከዳቦ ጋር ነው። እንጀራውን ወደ አንድ አውርጄ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ባበዛ ትራይግሊሰራይዱም ከስኳሩ ጋር አብሮ ሊወርድልኝ ይችላል?