አባ ሰላማ ክርስትናን «አመጣ» ይባላል?

ጠያቂው፦ የልጄ ደብተር ላይ «ክርስትናን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ፍሬምናጦስ (አባ ሰላማ) ነው» ይላል። እኔ «አመጣ» የሚለው አይዋጥልኝም። ፍሬምናጦስ እኮ ሊሰብክ አልመጣም! ከጢሮስ፣ ከዛሬዋ ሊባኖስ፣ ከዘመዱ ከሜሮጵዮስ ጋር ለጉዞ የወጣ ተማሪ ነው። ስንቅና ውኃ ሊይዙ ወደብ ሲጠጉ የመርከቡ ሰዎች በሙሉ ተገደሉ። እሱና አብሮት የነበረው ጓደኛው ኤዴስዮስ ዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ለአክሱም ንጉሥ ተሰጡ። ይሄ ምርኮኛ ነው።

ዲያቆኑ፦ ወንድሜ፣ ዮሴፍስ ግብፅ የገባው ተሸጦ አይደል? ዋናው ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆነ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ አገር በማስተዳደር እንዲያግዟት ለመነቻቸው።

ጠያቂው፦ ያኔ ምን አደረገ? የሮም ክርስቲያን ነጋዴዎችን አፈላልጎ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አበረታታ። ክርስቲያኖቹ ቀድመው ነበሩ ማለት ነዋ! ፊልጶስ ያጠመቀውን የንግሥት ሕንደኬን ጃንደረባስ የት ጣላችሁት?

የታሪክ ተማሪዋ፦ ጃንደረባውን ተወው። «ሕንደኬ» በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው፤ ሐዋርያት ሥራ 8 ደግሞ አገሩ ገብቶ ሰበከ አይልም። በነጋዴዎቹ ግን እስማማለሁ። ትረካውን የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ነው፤ የሰማው ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ከሆነው ከኤዴስዮስ። የጓደኛ ወሬ ትንሽ ይቀባባል። አገሩንም «ሕንድ» ነው የሚለው።

ዲያቆኑ፦ የጠላት ምስክርስ? የሮም ቄሳር ቆንስጣንዮስ እ.ኤ.አ. በ350ዎቹ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና «ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ ይመርመር» ብሎ ጽፏል። ጳጳስ አድርጎ የሾመው ባላንጣው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ስለነበር ነው የተናደደው። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። ሰውየው ተራ ጸሐፊ ቢሆን ቄሳር ምን አስጨነቀው?

የታሪክ ተማሪዋ፦ ይሄ ጠንካራ ነው። የኢዛና ሳንቲምም አለ፤ የፊተኛው ላይ ጨረቃና ክብ፣ የኋለኛው ላይ መስቀል። ቤተ መንግሥቱን የለወጠው እሱ ነው ብል አላፍርም። እምነቱን ግን ነጋዴ ቀድሞታል። ደግሞ ፍሬምናጦስ ጳጳስ ላኩልን ሊል እስክንድርያ ሄዶ ራሱ ጳጳስ ሆኖ መጣ፤ እኛም የራሳችንን ፓትርያርክ እስክናገኝ፣ እስከ 1951 ዓ.ም.፣ እስክንድርያን ደጅ ስንጠና ኖርን።

ጠያቂው፦ እሺ፣ «አቋቋመ» በሚለው እንታረቅ። ልጄ ግን ፈተና ላይ «አመጣ» ብሎ ይጻፍ፤ ነጥቡን አላስቆርጠውም።